«አላውቅም» ማለት ነጻ ያወጣናልን?

በመንገድ የወደቀን ሰው መርዳት ተገቢ መሆኑን ከመካከላችን የሚክድ አይገኝም። ክርክሩ የሚነሣው «ልረዳው እወድ ነበር፤ ነገር ግን አላውቅም» ያልን ጊዜ ነው። ይህ መልስ ከኅሊና ወቀሳ ያድነናልን?

አስቀድመን ሕጉን እንመልከት። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575፣ በራሱም በሌላውም ላይ አደጋ ሳያደርስ ለመርዳት እየቻለ፣ ሕይወቱ በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው ሆን ብሎ ትቶ የሚሄደውን ይቀጣል። ሕጉ ግን የሚጠይቀን የምንችለውን ብቻ ነው። ደጉ ሳምራዊ ከዚህ አልፏል። ለቁስለኛው ከማዘኑም በላይ ዘይትና ወይን አፍስሶ ቁስሉን አሠረለት፤ ርኅራኄው ባዶ እጁን አልመጣም።

ልብ በድንገት ሲቆምስ እኛ ምን ይዘን እንቀርባለን? አንጎል ደም ካጣ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። ከሐብሩ የገጠር ቀበሌዎች እስከ መርሳ ወይም እስከ ወልድያ ያለውን መንገድ የምናውቅ ሁሉ አምቡላንስ በዚህ ጊዜ እንደማይደርስ እናውቃለን። ጦርነቱ ወልድያ በገባበት ወቅት፣ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም.፣ የከተማዋ ሆስፒታል ተዘርፎ ነበር። ያን ጊዜ ለብዙዎች ከጎረቤት እጅ የቀረበ እጅ አልነበረም።

ቀድሞ «ይህ የሐኪም ሥራ ነው» ማለት ያስኬድ ነበር፤ የቆመን ልብ ለማሸት ሐኪሞች ደረትን ይከፍቱ ነበርና። በ1960 እ.ኤ.አ. ግን በአሜሪካ አገር በጆንስ ሆፕኪንስ ኩዌንሆቨንና ሁለት ባልደረቦቻቸው ደረትን ከውጭ በእጅ በመጫን ደም ማዘዋወር እንደሚቻል አሳዩ። ኩዌንሆቨን ራሳቸው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አልነበሩም።

የወደቀው ሰው ሲጠሩት ካልመለሰና በደንብ ካልተነፈሰ፣ ሰው አስጠርቶ ወዲያው መጀመር ነው። ለዐዋቂ በሁለት እጅ የደረቱን መካከል ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር መጫን፤ ለልጅ በአንድ ወይም በሁለት እጅ 5 ያህል፤ ለጨቅላ ሕፃን ደረቱን በሁለት እጅ ይዞ በሁለቱ አውራ ጣቶች 4 ያህል። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ሲሆን ከየ30ው በኋላ 2 ትንፋሽ ይሰጣል። ትንፋሹ በተለይ ለሕፃናትና ከውሃ ለወጣ ሰው እጅግ አስፈላጊ ነው። ክብሪት ማሽተት፣ ውሃ መርጨት፣ ከቦ መጮኽ የቆመን ልብ አያስነሡም።

«ሴት ብትሆንስ ደረቷን መንካት ነውር አይደለምን?» የሚሉ አሉ። ነውሩስ ስትሞት ቆሞ ማየት ነው። «አጥንት ብሰብርስ?» ለሚለውም፣ የጎድን አጥንት ይጠገናል፤ የሞተ ግን አይጠገንም።

«ሞክሬ ቢሞትብኝስ?» እውነቱን እንናገር፤ ብዙ ጊዜ አይሳካም። ከእኛ የሚፈለገው ግን ነፍስ መመለስ ሳይሆን አልፎ አለመሄድ ነው። ስለዚህ ሞክሮ ያልተሳካለትን «አንተ ገደልኸው» ከማለት አንደበታችንን እንከልክል። ይህን የምንፈራ ብዙዎች ነንና።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፤ ይህ ጽሑፍ ብቻውን አያስተምርም፤ እጅ በልምምድ ይማራል። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ ርዳታ ያሠለጥናል፤ በየአጥቢያችንም ነርሶች አሉ፤ እንጠይቃቸው። ሕግ «የምትችለውን አድርግ» ይላል፤ ፍቅር ግን «መቻልን ተማር» ይላል። ስለ ትናንቱ አለማወቃችን ማንም አይፈርድብን ይሆናል። መማር እየቻልን ነገም «አላውቅም» ካልን ግን፣ ቁስለኛውን አይተው ካለፉት ከካህኑና ከሌዋዊው ጋር መቆጠራችን ነው።