እግዚአብሔር በሁሉ ቦታ የሚሰማ ከሆነ፣ ወደ መቃብር መሄድ ለምን?



ባለፈው የሙታን ሁሉ መታሰቢያ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ወደ መካነ መቃብር ልንሄድ ስንነሣ አንድ ጓደኛዬ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፤ «እግዚአብሔር በሁሉ ቦታ የሚሰማ ከሆነ፣ ነፍስም ከአፈር በታች ካልሆነች፣ እዚያ ድረስ መድከም ምን ይጠቅማል?» በዚያን ጊዜ አጥጋቢ መልስ አልሰጠሁትም። ጥያቄው ግን ተገቢ ስለ ሆነ አብረን እንመርምረው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ቅድስት ሞኒካ እ.ኤ.አ. በ387 በኢጣልያ አገር በኦስትያ ልትሞት በቀረበች ጊዜ፣ ሥጋዋ የትም ቢቀበር ልጆቿ እንዳይጨነቁ፣ ነገር ግን በጌታ መሠዊያ ፊት እንዲያስቧት ለመነቻቸው። ልጇ ቅዱስ አውግስጢኖስም እ.ኤ.አ. በ421 ገደማ የኖላው ጳጳስ ጳውሊኖስ፣ «በሰማዕት መቃብር አጠገብ መቀበር ሟቹን ይጠቅማልን?» ብሎ በጠየቀው ጊዜ፣ ቦታው በራሱ እንደማይጠቅም መለሰለት። የሚጠቅመው ጸሎት ነው፤ ቦታው ደግሞ ሕያዋንን ለጸሎት ያነሣሣል አለ። እንግዲህ ጓደኛዬ ግማሹን እውነት ይዞ ነበር ማለት ነው። መቃብር የሚጎበኘው እግዚአብሔር እንዲሰማ ሳይሆን እኛ እንዳንረሳ ነው።

እኔም በራሴ ላይ ልመስክር። አያቴ ካረፉ በኋላ «ባለሁበት ብጸልይ ይበቃል» እያልሁ ሦስት ዓመት ሙሉ መቃብራቸውን ሳላይ ቆየሁ። አባባሌ ስሕተት አልነበረበትም። ነገር ግን ባለሁበትም አልጸለይሁም። በመጨረሻ በሄድሁ ጊዜ መስቀላቸውን ሣር ውጦት አገኘሁ፤ ከጸሎት በፊት የመጣብኝ ኀፍረት ነበር። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል የሚባለው በሙታን ላይ ይበልጥ እውነት ነው፤ እነርሱ መጥተው አይወቅሱንምና። በአገራችን ለአርባውና ለሙት ዓመቱ ብዙ እንደክማለን። ከዚያ በኋላስ?

ቤተ ክርስቲያን ይህን ድካማችንን ታውቃለች። የክሉኒ ገዳም አበምኔት ቅዱስ ኦዲሎ እ.ኤ.አ. በ998 ገደማ፣ ከቅዱሳን ሁሉ በዓል ማግስት ለሞቱት ምእመናን ሁሉ እንዲጸለይ በገዳማቱ ሥርዓት አቆመ፤ ልማዱም ወደ ላቲን ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ተስፋፋ። ብዙ ሰው ባለቀበት በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1915፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 15ኛ በዚህ ቀን እያንዳንዱ ካህን ሦስት ጊዜ እንዲቀድስ ፈቀዱ፤ አንዱ ቅዳሴ ለሙታን ሁሉ እንዲሆን ታዘዘ።

ከኖቬምበር 1 እስከ 8 መቃብር ጎብኝቶ በልቡ እንኳ ለሙታን ለጸለየ፣ ንስሐ ገብቶ ለቆረበ፣ ስለ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳትም አሳብ ለጸለየና ከኃጢአት ፍቅር ለራቀ ምእመን ሙሉ ሥርየት ይሰጣል። ይህ ሥርየት ግን በመንጻት ላይ ላሉ ነፍሳት ብቻ የሚውል ነው። የሄደው ሰው ለራሱ ሊያስቀረው አይችልም። ዋጋ ሊመልስልን ለማይችል ሰው መድከም፣ ይህ ንጹሕ ፍቅር አይደለምን?

«መሄድ ያልቻለስ?» የሚል ቢኖር፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ጊዜውን ወደ ወሩ ሙሉ አራዘመች፤ ከቤት መውጣት ያልቻሉ በሽተኞችና ሽማግሌዎችም ባሉበት ሆነው እንዲጸልዩ ፈቀደች። እንግዲህ መሄድ ያልቻለ አይወቀስም። «አያስፈልግም» እያለ የሚረሳ ግን፣ እንደ እኔ ራሱን ይመርምር።

አውግስጢኖስ በዚያው መልሱ፣ ወላጅ፣ ልጅ፣ ዘመድም ሆነ ወዳጅ የሌላቸውን ሙታን የሁሉ እናት የሆነችው ቤተ ክርስቲያን በጋራ መታሰቢያ እንደምታስባቸው ጽፏል። ቤተ ክርስቲያን ማለት ግን እኛው ነን። እኛ ካላሰብናቸው ማን ያስባቸዋል?

ስለዚህ በሚመጣው መታሰቢያ ወደ መቃብር ስንሄድ፣ ለወገኖቻችን ጸልየን ወዲያው አንመለስ። ጽሕፈቱ በጠፋበት፣ አበባ ባልተቀመጠበት በአንዱ መቃብር አጠገብ ቆመን አንድ አቡነ ዘበሰማያት እንድገም። ስሙን ባናውቀው እግዚአብሔር ያውቀዋል። ነገ የእኛም ስም ከድንጋዩ ላይ በጠፋ ጊዜ፣ አንድ የማናውቀው ወጣት እንዲሁ ይቆምልን ይሆናል።

የሞቱትን ምእመናን ነፍሳት ጌታ በመንግሥቱ ያሳርፍልን። አሜን።