ሐኪሙ ያየውና ታማሚው ያየው

ሦስቱ የኢዮብ ወዳጆች መከራውን በሰሙ ጊዜ ሊያጽናኑት ከየአገራቸው ተነሥተው እንደ መጡ፥ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊትም አንዲት ቃል ሳይናገሩ ከእርሱ ጋራ በምድር ላይ እንደ ተቀመጡ ከአንባቢዎቻችን መካከል የማያውቅ የለም። ከዚያ በኋላ ግን አፋቸውን ከፈቱ። የተናገሩትም ነገር ብዙው በሌላ ስፍራ ቢነገር ኖሮ መልካም ትምህርት ሊሆን ይችል ነበር፤ እነርሱም ወዳጃቸውን እየረዱት እንደ ሆነ አንዳች ጥርጥር አልነበራቸውም። ኢዮብ ግን የማይረቡ ሐኪሞች ብሎ ጠራቸው። በአንድ ስፍራና በአንድ ሰዓት ተቀምጠው ሳሉ አጽናኞቹ ያዩት ሌላ፥ ኀዘንተኛው ያየው ሌላ ሆነ።

እንግዲህ በዚህ ወር ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው። አንድ ሰው ሌላውን በቃል ሊረዳ በተቀመጠ ጊዜ፥ በመካከላቸው ስላለው ግንኙነት እውነቱን የሚያውቀው ማን ነው? ረጂው ነውን ወይስ ተረጂው? ጥያቄው የካህናትም፥ የመምህራንም፥ የወላጆችም ነው። ነገር ግን በቍጥርና በጽሑፍ አድርገው በብዙ ድካም የመረመሩት በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉት፥ በመድኃኒት ሳይሆን በንግግር የሚያክሙት የሥነ ልቡና ሐኪሞች ስለ ሆኑ፥ ከእነርሱ ዘንድ የተገኘውን እንመለከታለን። ዓመታቱንም የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የዚህ ሕክምና ጀማሪ የሚባለው የቪየናው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ ስለ ሃይማኖት የጻፈውን ለጊዜው እንተወውና፥ በ1913 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ የሐኪሙ የመጀመሪያ ተግባር ታማሚውን ከሕክምናውና ከሐኪሙ ከራሱ ጋራ ማዛመድ እንደ ሆነ፥ ይህም ሳይጸና የሕመሙን ምሥጢር ሊገልጥለት መቸኰል እንደማይገባ አስተማረ። በ1957 ዓ.ም. አሜሪካዊው ካርል ሮጀርስ የሰው ጠባይ ይለወጥ ዘንድ ያስፈልጋሉ ያላቸውን ስድስት ነገሮች ጻፈ። ከእነዚህም መካከል ሐኪሙ ያለ ግብዝነት መቅረቡን፥ ታማሚውን እንዳለ መቀበሉን፥ ስሜቱንም ከታማሚው ወገን ሆኖ መረዳቱን ጠቅሶ በመጨረሻ ያኖረው አንድ ቁም ነገር አለ፤ ይኸውም መቀበሉንና መረዳቱን ታማሚው ራሱ በጥቂቱም ቢሆን ሊያውቀው ይገባል የሚል ነው። ብዙ ሰዎች ይህን ስድስተኛውን ነገር አንብበው ያልፉታል፤ እኛ ግን ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ይመስለናል። በረጂው ልብ ያለው ርኅራኄ ወደ ተረጂው ካልደረሰ፥ በጐተራ ተዘግቶበት እንደ ከረመ እህል ነው፤ ጐተራው ሙሉ ነው፥ ጎረቤቱ ግን ተርቧል።

ከዚያ በኋላ በ1979 ዓ.ም. ኤድዋርድ ቦርዲን የተባለው ሊቅ ይህን ግንኙነት በሦስት ከፈለው፤ በሚደረስበት ግብ መስማማት፥ ወደዚያ በሚያደርሰው ሥራ መስማማት፥ ሁለቱንም የሚያስተሳስረው መተማመን። ይህንኑ መሠረት አድርገው አዳም ሆርቫትና ሌስሊ ግሪንበርግ በ1989 ዓ.ም. 36 ዐረፍተ ነገር ያለበት መጠይቅ አሳተሙ። መጠይቁ ለታማሚውም ለሐኪሙም በየበኩላቸው ይሰጣል፤ አንዱን ጥያቄ ሁለቱም ይመልሱታል። በዚህና ይህን በመሰለ መለኪያ የተሠሩ 295 ጥናቶች፥ ከ30,000 በላይ ታማሚዎች ያሉባቸው፥ በ2018 ዓ.ም. በአንድነት ሲመረመሩ፥ ግንኙነቱ በጠነከረ መጠን የሕክምናውም ፍሬ እንደሚያምር ታየ። ዝምድናው ፍጹም ቢሆን አንድ በሚባልበት መለኪያ 0.28 ያህል ነው፤ ይህ ታላቅ አይደለም፥ ነገር ግን የሕክምናው ዐይነት ቢለዋወጥም የሚገኝ ነው።

ወደ ጥያቄያችን የሚያገባን ግን በ2007 ዓ.ም. ጆርጂያና ትራይንና ባልደረቦቿ ያወጡት ጥናት ነው። 53 ጥናቶችን ሰብስበው የሐኪሙን መልስ ከታማሚው መልስ ጋራ ቢያስተያዩት፥ በዚያው መለኪያ የተገኘው ስምምነት 0.36 ብቻ ሆነ። አንዱን ክፍል፥ አንዱን ሰዓት፥ አንዱን ንግግር የተካፈሉ ሁለት ሰዎች ስለ ግንኙነታቸው የሚመሰክሩት እንዲህ ይራራቃል። ደግሞም በአማካይ ለግንኙነቱ ከፍ ያለ ነጥብ የሰጡት ታማሚዎቹ ናቸው እንጂ ሐኪሞቹ አይደሉም። እኛ የምንጠብቀው ተቃራኒውን ነበር። ምናልባት ሐኪሙ ከሌሎች ታማሚዎቹ ጋራ ካለው ግንኙነት ጋራ እያነጻጸረ ጕድለቱን ሲቈጥር፥ ታማሚው ግን አንድ ሰዓት ሙሉ የሚያዳምጠው ሰው ካጣበት ከቤቱና ከመንገዱ ጋራ እያነጻጸረ ይሆናል። ነገር ግን በዚህ አማካይ ቍጥር የሚደሰት ረጂ ቢኖር ይጠንቀቅ፤ ኢዮብም በአማካዩ ውስጥ ተሰውሮ ሊቀመጥ ይችላል።

ቍጥር የማያሳየውን አንድ መጽሐፍ ያሳያል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ኢርቪን ያሎም አንዲት መጻፍ ተስኗት የነበረች ወጣት ደራሲ በሚያክምበት ጊዜ፥ የምትከፍለው ስለሌላት በገንዘብ ፈንታ ከእያንዳንዱ ቀጠሮ በኋላ የተሰማትን ጽፋ እንድታመጣ ተስማሙ። እርሱም በበኩሉ ይጽፋል። ጽሑፎቹም እንደ ታሸጉ ይቈያሉ፤ አንዱ የሌላውን የሚያነበው ወራት ካለፉ በኋላ ነው። ይህ በ1974 ዓ.ም. በሁለቱ ስም ታተመ፤ የእርሷ ስም ግን ጂኒ ኤልኪን ተብሎ የተለወጠ ነው። ያሎም ያነበበው አስደነቀው። እርሱ ሲጽፍ የደከመበትና የተመካበት፥ ነገሯን ከሥሩ ፈትቶ የተረጐመላት ረቂቅ ትርጓሜ ነበር። እርሷ ግን ትርጓሜውን ከቶ አልሰማችውም ማለት ይቻላል። በልቧ የቀረው አለባበሷን ማመስገኑ፥ ቀጠሮ ባጓደለ ጊዜ ከልብ ይቅርታ መጠየቁ፥ በቀልዷ መሣቁ ነበር። እርሱ መድኃኒት ብሎ የሰጠው አንድ ነገር፥ እርሷ መድኃኒት ብላ የወሰደችው ሌላ ነገር ሆነ። ያሎም ይህን ሳይሸሽግ ማሳተሙን እናከብርለታለን፤ ከእኛ ከሰባኪዎች ስንቶቻችን ምእመናን ከስብከታችን የያዙትን ጽፈው ቢሰጡን ልናሳትመው እንደፍራለን?

እንግዲህ ታማሚው ደስ የሚለው ሁሉ ይደረግ ማለታችን ነውን? አይደለም። ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት በገባ ጊዜ ንጉሡን ደስ ሊያሰኘው አልገባም። ነገር ግን ንጉሡ ሊሰማው በሚችልበት መንገድ፥ በአንዲት በግ ምሳሌ ነገረው። ሐኪሙ ስለ በሽታው ከታማሚው ይልቅ ሊያውቅ ይችላል፤ ቃሉ ደርሶ እንደ ሆነ ግን መስካሪው የተቀበለው እንጂ የላከው አይደለም። በዚህ ነገር ረጂው ለራሱ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ታዲያ ተረጂውን መጠየቅ ይበቃል የሚል ይኖራል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። የካናዳው ተመራማሪ ዴቪድ ሬኒ በ1994 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት፥ የሕክምናውን ንግግር በቴፕ አስቀርቶ ለታማሚዎቹ እያሰማ በዚያች ደቂቃ ምን ያስቡ እንደ ነበረ ጠየቃቸው። ብዙ ጊዜ ሐኪሙን ላለማስቀየም ዝም እንዳሉ፥ ያልተስማሙበትን እንደ ተስማሙ ሆነው እንዳለፉ፥ የእርሱንም ሥልጣን እንዳከበሩ ገለጡ። ይህ የሆነው ሐኪሙን በስሙ በሚጠሩበት አገር ነው። ይሉኝታ በነገሠበት፥ ታላቅን ቀና ብሎ ማየት እንኳ እንደ ድፍረት በሚቈጠርበት በእኛ አገርማ እንዴት ይሆን?

ንስሐ ምሥጢር ነው፤ የሥነ ልቡና ሕክምና ደግሞ ሙያ ነው፤ ሁለቱን አንድ ልናደርግ አንወድም። የስርየቱም ኀይል በካህኑ ንግግር ማማር ላይ የተመሠረተ አይደለም። ቢሆንም የንስሐ አባትና የንስሐ ልጅ ሲቀመጡ፥ የሚቀመጡት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እሺ አባቴ የምትለውም ቃል ሁልጊዜ ገባኝ ማለት አይደለችም።

ስለ ራሳችን አንድ ነገር ሳንናገር ይህን ብንዘጋ ግብዝነት ይሆንብናል። ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ የንስሐ ልጃችን ጐልማሳ ልጁ ሞቶበት ከዐርባው በኋላ ወደ እኛ መጣ። እኛም ስለ ትንሣኤ ሙታን፥ ስለ አብርሃምና ስለ ይስሐቅ፥ ስለ ኢዮብም ጭምር (አሁን ስናስበው ያሳፍረናል) ረዥም ቃል ተናገርነው። ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰማን፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባቴ አለ፥ መስቀል ተሳልሞ ወጣ። በዚያ ቀን መልካም ሥራ እንደ ሠራን ዐውቀን በሰላም ተኛን። ከሰባት ዓመት በኋላ ታሞ በተኛበት ልንጠይቀው በሄድን ጊዜ፥ ያን ዕለት የመጣው ልጁ ከመሞቱ በፊት በነበረው ምሽት ተጣልተው ረግሞት እንደ ነበረ ሊናገር እንደ ሆነ ነገረን። ሰባት ዓመት ሙሉ ተሸክሞት ኖሯል። ስለ ምን ያን ጊዜ አልነገርኸንም ብንለው፥ ፈገግ ብሎ፥

«አባቴ፥ እርስዎ እንዲያ ደስ ብሎዎት ሲያስተምሩ ላቋርጥዎ አልደፈርሁም» አለን።