የጁሙዓ መልእክት፦ የመጀመሪያዋን ክፍል ከማከራየታችሁ በፊት



ዛሬ ጁሙዓ ነው። ሱረቱል ካህፍን ስንቀራ የሁለቱን አትክልት ባለቤት ታሪክ እናገኛለን። አላህ (ሱ.ወ) የወይን አትክልት ሰጠው፤ ዙሪያውን በተምር ከበበለት፤ በመካከሉም ወንዝ አፈሰሰለት። ሰውየው ግን በባልንጀራው ላይ ኮራ፤ ይህ ንብረት መቼም አይጠፋም ብሎም አሰበ። በመጨረሻ ፍሬው ወደመ፤ ያወጣውን ወጪ እያሰበ እጆቹን እያገላበጠ ቀረ። ይህ ሰው አትክልት በመያዙ አልተወቀሰም። ጥፋቱ ሰጪውን መርሳቱ ነው።

ይህን ታሪክ ያነሳነው ከወረታና ከፎገራ ሜዳ ወጣቶች ጋር የሚገናኝ ጉዳይ ስላለን ነው። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር የሚገነጠልባት ከተማ ናት። በዙሪያዋ ሩዝ ይመረታል፤ መፈልፈያዎች አሉ፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ነው። መምህሩ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ሾፌሩ፣ ተማሪው፣ የቀን ሠራተኛው ሁሉ ማደሪያ ክፍል ይፈልጋል። ስለዚህ ከሩዝ፣ ከሽንኩርት ወይም ከሱቅ ትንሽ ገንዘብ ያጠራቀመ ወጣት "ሁለት ክፍል ሠርቼ ባከራይስ?" ብሎ ማሰቡ አይገርምም።

ሐሳቡ መልካም ነው፤ ኪራይ ሐላል ሪዝቅ ነው። ነገር ግን ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልባችሁ ውስጥ ይግባ። በፊቅህ ኪራይ (ኢጃራ) ማለት ጥቅምን መሸጥ ነው። ግድግዳውና ቆርቆሮው የእናንተ እንደሆነ ይቀራል፤ ተከራዩ የሚገዛችሁ በውስጡ በሰላም ማደርን ነው። ሻጭ ዕቃውን ሳያስረክብ ዋጋ እንደማይገባው ሁሉ፣ አከራይም ያንን ጥቅም በየወሩ ሳያስረክብ ኪራይ አይገባውም። ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

መጀመሪያ መሬቱ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የእርሻ መሬት አይሸጥም። ሆኖም ከተማ ዳር ያለ ማሳ "በውል ልስጥህ" የሚል ገበሬ፣ "እኔ አለሁ" የሚል ደላላ አይጠፋም። ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ያጓጓል። በኋላ ግን ቤቱ የጨረቃ ቤት ተብሎ ሊፈርስ ይችላል፤ ወይም የገበሬው ሚስትና ልጆች "እኛ ሳንስማማ ነው" ብለው ይመጣሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰው መሬት ስንዝር ታህል እንኳ በግፍ የወሰደ ሰው በቂያማ ቀን ሰባት ምድር በአንገቱ እንደሚጠለቅለት አስጠንቅቀዋል። ስለዚህ ከማዘጋጃ ቤት ካርታው ሳይጣራ ቀብድ አትክፈሉ። የተሻለው አጀማመር ብዙ ጊዜ ቅርብ ነው፦ በቤተሰብ ሕጋዊ ግቢ ውስጥ፣ ከወላጅና ከወንድም እህት ጋር በጽሑፍ ተስማምቶ፣ የግንባታ ፈቃድ አውጥቶ አንድ ሰርቪስ ክፍል መሥራት።

ሁለተኛ ገንዘቡ። ወለድ ባለበት ብድር የተሠራ ቤት ገና ከመሠረቱ በረካው ይጎድላል። "ሌላ መንገድ የለም" የሚለው ምክንያት ደግሞ ዛሬ እንደ ድሮው አይሠራም። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ጀምሯል፤ ሂጅራ ባንክም ተከትሎታል፤ ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮት አላቸው። በሙራበሓ ባንኩ ሲሚንቶውንና ብረቱን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን አሳውቆ በጊዜ ክፍያ ይሸጥላችኋል። ስትዋዋሉ ዕቃው በእርግጥ በባንኩ እጅ መግባቱን ጠይቁ፤ ስሙ ብቻ ሐላል አያደርገውም። ከዚህም የሚቀልል አለ፤ ከምታምኗቸው ሰዎች ጋር እቁብ ገብቶ ዕጣ ሲወጣ ብሎኬት መግዛት።

ሦስተኛ ሒሳቡ። ሁለት ክፍል በ600,000 ብር ሠርታችሁ እያንዳንዱን በወር 3,000 ብር አከራያችሁ እንበል። በዓመት 72,000 ብር ይመስላል። ክፍሎቹ ሁለት ወር ባዶ ቢያድሩ 60,000 ይሆናል። ለጥገናና ለግብር 18,000 ቢወጣ 42,000 ይቀራል። በዚህ አካሄድ ያወጣችሁት ገንዘብ ለመመለስ ከ14 ዓመት በላይ ይፈጃል። ኪራይ የትዕግሥት ንግድ ነው። በዓመት መመለስ ያለበትን ዕዳ "በኪራይ እከፍለዋለሁ" ብሎ የጀመረ ሰው ቤቱንም ወዳጁንም ያጣል።

አራተኛ አሠራሩ። ፎገራ የርብና የጉማራ ወንዞች ወደ ጣና የሚወርዱበት ሜዳ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰውን ጎርፍ ትልልቆቹ ያስታውሱታል፤ ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። አፈሩ ዋልካ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳንም ይዞ ይሰነጥቃል። እንግዲህ ለመሠረት የሚወጣውን ገንዘብ ቆጥቦ ለቀለምና ለበር ጌጥ ማዋል ተከራዩን ማታለል ነው። ቦታው በየዓመቱ ውኃ የሚተኛበት መሆኑን እያወቁ በበጋ ለመጣ እንግዳ ዝም ብሎ ማከራየትም እንዲሁ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እርጥቡን እህል ከደረቁ ሥር የደበቀውን ነጋዴ ገሥጸውታል። በቀለም የተሸፈነ ስንጥቅ ከዚያ በምን ይለያል? ውኃ ገብቶ ክፍሉ የማይኖርበት ከሆነ ደግሞ ጥቅሙ ጠፍቷልና የእነዚያ ቀናት ኪራይ እንደማይገባን የፊቅህ ሊቃውንት ያስተምራሉ። ይህ ውለታ አይደለም፤ የተከራዩ ሐቅ ነው።

አምስተኛ ውሉ። በሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ አላህ ዕዳን እንድንጽፍና ምስክር እንድናቆም አዞናል። ዋጋው፣ የሚከፈልበት ቀን፣ የውኃና የመብራት ድርሻ ይጻፍ። በአንድ ቆጣሪ አራት ተከራይ ሲኖር ጠብ የሚነሳው ከዚያ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በከተማችሁ እንዴት እንደሚሠራበት ከከተማ አስተዳደሩ ጠይቁ።

ስድስተኛ፣ ከባዱ ፈተና፤ ሰውየው። ደሞዙ የዘገየበት ተከራይ በር ላይ አንገቱን ደፍቶ ሲቆም ሃይማኖታችን የሚታየው ያኔ ነው። የተቸገረን ባለዕዳ እስኪያገኝ ድረስ መታገሥ የአላህ ትእዛዝ ነው። "ከዘገየህ በየቀኑ ይህን ያህል ትጨምራለህ" ብሎ ለራስ መውሰድ ግን በዕዳ ላይ የተጨመረ ገንዘብ ነው፤ ያ ከባንክ የሸሻችሁት ወለድ በጓሮ በር ተመልሶ መግባቱ ነው። ተከራያችሁ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ ዘመድ ይሁን ባዳ፣ ሐቅ ሐቅ ነው። ግንበኛውንና የቀን ሠራተኛውንም አትርሱ፤ ላባቸው ሳይደርቅ ክፈሏቸው።

ዘካስ? በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ ለኪራይ በተሠራው ቤት ላይ ዘካ የለም። ከኪራዩ ያጠራቀማችሁት ገንዘብ የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ደርሶ ዓመት ከሞላው ግን 2.5 በመቶ ይወጣል። ዝርዝሩን በአካባቢያችሁ ያለ ዓሊም ጠይቁ።

ወንድምና እህቶቼ! እስከሚቀጥለው ጁሙዓ ሦስት ነገር አድርጉ። በወረቀት ላይ ሒሳባችሁን ጻፉ፤ ባዶ ወራቱንም ቁጠሩ። ልትሠሩበት ያሰባችሁትን ቦታ ካርታ አጣሩ፤ ክረምት ላይ ውኃ የት እንደሚደርስ ጎረቤቱን ጠይቁ። ከዚያም ኒያችሁን አጥሩ፦ ራሴን ከልመና ላድን፣ ቤተሰቤን ልርዳ፣ ለሰው ማደሪያ ልስጥ ብላችሁ ነይቱ። እንዲህ ከሆነ አንዲት ክፍል ትበቃለች፤ በረካ በክፍል ብዛት አይለካም።

አላህ ሐላሉን ያብቃቃን፣ ከሐራሙ ይጠብቀን፣ ንብረታችንን ለማንም መኩሪያ ሳይሆን ለሁላችን መጠለያ ያድርግልን። አሚን። ዛሬ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛትን አትርሱ።

ጁሙዓ ሙባረክ!