ዘርና ጫማ



«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል ያገራችን ሰው። ሽማግሌ ልኮ ልጅ የሚያስጠይቅ ወገንም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ስለ ዘሩ ነው። በቤተሰቡ ቁምጥና ወይም ዝሆኔ አለ ከተባለ ነገሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ይቆማል። በሰው አገር የምንኖረውም ብንሆን ይህን ማጣራት እርግፍ አድርገን አልተውነውም። እስቲ ልጠይቅዎ፤ ሳይንስ ተነሥቶ «ያ የምትሸሹት በሽታ በእርግጥም ከዘር ጋር ይያያዛል» ቢል፣ እውነቱ ለሕመምተኛው መድኃኒት ይሆነዋል ወይስ ሌላ ቁስል? ተመራማሪውስ እንዲህ ያለውን እውነት ፈልጎ ማውጣት ይገባዋልን?

ጥያቄው በሐሳብ ብቻ የተፈጠረ አይደለም። በኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች፣ ከእሳተ ገሞራ ዐለት በተገኘ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ የሚሠራን ገበሬ የሚይዝ አንድ ዓይነት ዝሆኔ አለ። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ሕመምተኞቹ ከ1 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። ይህ በሽታ ትንኝ ከምታስተላልፈው ዝሆኔ የተለየ መሆኑን፣ መነሻውም አፈሩ መሆኑን ያሳዩት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። ደቃቅ የማዕድን ብናኝ በእግር ቆዳ ዘልቆ ይገባል፤ ሰውነት ሲቆጣበት የሊምፍ መተላለፊያው ይዘጋል፤ እግር ያብጣል፣ ቆዳው ይወፍራል፣ ይሻክራል። ከሰው ወደ ሰው ግን አይተላለፍም።

ታዲያ በአንድ አፈር ላይ በባዶ እግር ካረሱት ጎረቤታሞች አንዱ ሲታመም ሌላው ለምን ደኅና ሆነ? ዶ/ር ፋሲል ተኮላ አየለና የሥራ ባልደረቦቻቸው ይህን ለማወቅ ከወላይታ 200 ያህል ሕመምተኞችን ከ200 ያህል ጤነኞች ጋር አነጻጸሩ። ሰውነት ባዕድ ነገርን ለይቶ እንዲያውቅ በሚረዱት፣ ኤች ኤል ኤ በሚባሉት ጂኖች አካባቢም ልዩነት አገኙ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ታተመ።

እኚሁ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ሌላ ጥናት አሳትመው ነበር። ለዘር ምርምር ፈቃድ ሲጠየቅ መገለልን የሚፈራ ሰው ምን እንደሚሰማው የሚመረምር ነው። ከታዩት ስጋቶች አንዱ፣ ምርምሩ የበሽታውን በቤተሰብ መኖር አጉልቶ መገለሉን እንዳያብሰው የሚል ነበር። ሕዝቡ የፈራው ያለ ምክንያት አልነበረም።

«መከላከያው ጫማና የእግር ንጽሕና መሆኑ ከታወቀ፣ ዘር መቆፈር ምን አስፈለገ? ገንዘቡ ስንት ጫማ በገዛ!» የሚል ይኖራል። ክብደት ያለው ወቀሳ ነው፤ እኔ ግን አልስማማበትም። በሽታው በቤተሰብ እንደሚታይ መንደሩ ከሳይንስ በፊት ያውቅ ነበር፤ ጋብቻ የከለከለውም በዚሁ ነው። ዝም ማለት ያንን ፍርድ እንደጸና ይተወዋል። መንደሩ የጎደለው የእውነቱ ሁለተኛ እኩሌታ ነው፤ ይኸውም የሚወረሰው ተጋላጭነት እንጂ በሽታው አለመሆኑ። አፈሩ ባዶ እግር ካላገኘ ዘር ብቻውን እግር አያሳብጥም። ይህ ሕመም በቀድሞ ዘመን በአየርላንድ፣ በስኮትላንድና በፈረንሳይም ይታይ ነበር። የጠፋው ጫማ መልበስ ስለተለመደ እንደሆነ ይታመናል። ዘራቸውን ማንም አልለወጠውም።

ስለዚህ ተመራማሪ እውነቱን መፈለግ ይገባዋል፤ ዕዳው ግን ጽሑፉ በታተመ ቀን አያበቃም። ለጥናቱ ራሱን የሰጠው ገበሬ በመጽሔት ላይ ቁጥር ሆኖ ከመቅረቱ በፊት፣ የተገኘው ነገር በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው፣ ሳሙናውና ጫማውም ሊደርሰው ይገባል። እኩሌታው ብቻ የተነገረ እውነት ከሐሰት ይልቅ ይጎዳል፤ ሐሰት ሲጋለጥ ይወድቃል፣ ግማሽ እውነት ግን ሳይንስን ምስክር ጠርቶ ይቆማል።

ከእኛስ ምን ይጠበቃል? አገር ቤት ለዘመድ ገንዘብ ስንልክ የልጆቹን እግር እናስብ። ሽማግሌ ተቀምጦ «ቤታቸው ዝሆኔ አለ» ሲባልም፣ ከመካከላችን አንድ ሰው «ጫማ ያደረገ ልጅ አይታመምም» ብሎ ይናገር። ዘር ከልጓም ይስብ ይሆናል፤ የዚህ በሽታ ልጓም ግን ጥንድ ጫማ ነው፤ ይይዘዋልም።