ያልተመለሰው መዝገበ ቃላት

አንድ መዝገበ ቃላት በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ሲሸጥ አይቻለሁ። “አይቻለሁ” ብቻ ብዬ ባልፍ ግን ራሴን መሸሸጌ ይሆናል፤ ከሻጮቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ላሊበላ ያደገ ሰው ጨዋታው አይጠፋውም። ከትምህርት ቤት መልስ ሦስት ሆነን ወደ ቤተ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ ላይ ፈረንጅ እንጠብቃለን። የአገሩን ስም እንጠይቅና የዋና ከተማውን ስም እኛው እንነግረዋለን። ሲገረም፣ “ገንዘብ አንፈልግም፤ መማር ነው የምንፈልገው” እንላለን። አንጀቱ ይራራል። ሱቅ ይዘነው ገብተን እንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ይገዛልናል። አብሮን ፎቶ ተነሥቶ ይሄዳል። ገና ዳገቱን ሳይጨርስ መጽሐፉ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል፤ ባለ ሱቁም የራሱን ድርሻ አስቀርቶ የተረፈውን ይሰጠናል።

አንድ ቀን መጽሐፉን አልመለስኩትም። ለምን እንደሆነ ዛሬም በቅጡ አላውቀውም። እስከ ሱቁ ደጃፍ ድረስ እያገላበጥኩት ስሄድ እግሬ ወደ ቤት ታጠፈ። ጓደኞቼ የዕለት ድርሻቸው ቀረባቸው፤ አንደኛውማ ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ። የእንግሊዝኛ ዕውቀቴ መነሻ እንግዲህ ይህ ነው፦ በውሸት የተለመነ፣ ጓደኛ ተክዶ የተወሰደ መጽሐፍ።

ዛሬ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነኝ። በጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ይዤ እዚህም እዚያም እየጻፍኩ እኖራለሁ። መጽሐፉ አሁንም ከጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ ባየሁት ቁጥርም አንድ ጥያቄ ይቀሰቅስብኛል። ለመሆኑ የሌላውን ሕዝብ ከፍ ያለ ቃል የምንማረው ለምንድን ነው? ለመሸጥ ነው? ለመታየት ነው? ወይስ እውነት ለመናገር? በተዋስነው ቃልስ እውነት መናገር ይቻላል?

ለዕለት ጉዳይ የሚሆን እንግሊዝኛ ብዙ ቃል አይጠይቅም። ቤንጋል ውስጥ ሲያስተምር የኖረው እንግሊዛዊው ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ዝርዝር፣ ለተማሪ ቅድሚያ የሚገባቸውን 2,000 ያህል ቃላት ለይቶ አቅርቧል። የኒውዚላንዱ የቋንቋ ምሁር ፖል ኔሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጥናት፣ ጋዜጣና ልብ ወለድ ያለ ረዳት ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃላት ቤተሰብ ማወቅ እንደሚያስፈልግ አሳይቷል። በሁለቱ መካከል ያለው ዳገት ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚያንስ አይደለም። ለእኛ አገር ተማሪ ደግሞ ዳገቱን መውጣት ምርጫ አይደለም። የ1986 ዓ.ም.ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያውን ደረጃ ለአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛውን ደረጃ ለእንግሊዝኛ ሰጥቷል። የላስታ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይመጣበታል።

እኔ ዳገቱን የወጣሁት በቁጥር ነው፤ በየሌሊቱ ዐሥር ቃል። ከደብተሬ በአንዱ ረድፍ እንግሊዝኛው፣ በሌላው ረድፍ አማርኛው ይሰፍራል። ዐሥሩን ሳልሸመድድ አልተኛም ነበር። በተማሪነቴ ዘመን ታዲያ ስለ አንድ የተከበሩ የድጓ መምህር በእንግሊዝኛ እንድጽፍ ታዘዝኩ። “ታዋቂ” ለማለት “ፌመስ” የሚለውን ቃል መጠቀም አሳፈረኝ፤ ማንም የሚያውቀው ተራ ቃል ነዋ! ደብተሬን ሳገላብጥ “ኖቶሪየስ” የሚል ተገኘ፤ በትይዩው “የታወቀ” ይላል። “ኖቶሪየሱ ሊቅ” ብዬ ጽፌ አስረከብኩ። አስተማሪዬ ወረቀቱን ሲመልስልኝ ከኅዳጉ ላይ በቀይ ቀለም፣ “ሰውዬው ምን ሰርቀው ነው?” ብሎበት ነበር። ቃሉ ለካ የሚነገረው በክፉ ሥራው ስሙ ለወጣ ሰው ነው። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ማታ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። እኚያ አዛውንት የዕድሜ ልክ ድካማቸውን በአንድ ቃል አጉድፌባቸዋለሁ። እንግሊዝኛ ስለማያውቁ “ምነው ልጄ?” ሊሉኝ እንኳ አይችሉም። ነውሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ይመስለኛል። ሰው በማይሰማው ቋንቋ ስለ እሱ መናገር፣ እሱ በሌለበት ሸንጎ ቆሞ እንደ መመስከር ነው። ምስክር ደግሞ የሚናገረውን ቃል ክብደት ማወቅ አለበት።

ይህን ከማንም በፊት ማወቅ የነበረብኝ እኔው ነበርኩ። ሰምና ወርቅ እየሰማ ያደገ ሰው አንድ ቃል ላይ ላዩን ሌላ፣ ውስጥ ውስጡን ሌላ እንደሚል መማር አያስፈልገውም። “የታወቀ” የቃሉ ሰም ነበር፤ “በክፉ” የሚለው ነው ወርቁ። እኔ ሰሙን ይዤ ሮጥኩ።

እንዲያውም የተወለድኩበት አገር ከፍ ያለ ቃል መማርን ሙያ አድርጎ የያዘ አገር ነው። ከላስታ ጎን ያለው ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ከታላላቆቹ የቅኔ ቤቶች አንዱ ነው። እዚያ ተማሪው ግስ ያጠናል፤ ርባ ቅምሩን፣ አገባቡን ይማራል። ነገር ግን ግሱን መሸምደዱ ብቻ የትም አያደርሰውም። ከጫካው ጥግ ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ይዞ ቀርቦ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታም ያርሙታል። የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ መንገር ደግሞ ነውር ነው። እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ቃል የተማሪው ገንዘብ የሚሆነው በቃሉ የራሱን ሐሳብ ተናግሮ፣ ተሳስቶ፣ ሲታረም ነው። እኔ በየሌሊቱ ዐሥር ቃል ስቆልል ያጣሁት የኔታን ነበር።

ከፍ ያለው ቃል ከሌላ ቤት መምጣቱስ? ይህ የእኛ ዕጣ ብቻ አይደለም። እንግሊዝኛ ራሱ ምድር ቤትና ፎቅ ያለው ቤት ነው። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ድል ካደረጉ ወዲህ በሬው ከገበሬው በረት በአገሩ ቃል ሲጠራ፣ ሥጋው ከጌታው ገበታ ላይ ከፈረንሳይኛ በመጣ ስም “ቢፍ” ተባለ። የሕጉና የፍልስፍናው ቃል ከላቲንና ከግሪክ ተጫነ። ቬትናማውያንም የሚጽፉት በላቲን ፊደል ቢሆንም የመንግሥቱና የትምህርቱ ቃል አብዛኛው የቻይንኛ ዘር ነው። ሃኖይ ላይ ተቀምጣ ከባድ ከባድ የእንግሊዝኛ ቃል የምታጠና ልጅ፣ ቃሉ ሩቅ ቢሆንባትም ነገሩ እንግዳ አይሆንባትም። እኛም “ሥነ ልቡና”፣ “ርእዮተ ዓለም” ስንል ከግዕዝ ፎቅ ላይ ወጥተን ነው። ከባዕድ ቃል መማር እንደ ክህደት የሚቆጠር ቢሆን ኖሮ በዓለም ላይ ታማኝ ቋንቋ ባልተገኘ ነበር። ጥያቄው ያለው ከአጠቃቀሙ ላይ ነው።

ይህን በተግባር ያሳየኝ ያ ያኮረፈኝ ጓደኛዬ ነው። ካደግን በኋላ እሱ አስጎብኚ ሆነ። አንድ ጊዜ አገሬ ስገባ ከቤተ ማርያም ግቢ ቅጥር ጥግ ተቀምጠን ስናወራ፣ በሥራው ላይ ያስቸገሩት ሁለት ቃላት እንዳሉ አጫወተኝ።

አንደኛው “ሞኖሊቲክ” ነው፤ ከአንድ ወጥ ድንጋይ የሆነ ማለት ነው። “ስጀምር ዐሥራ አንዱንም ሞኖሊቲክ ነበር የምላቸው” አለኝ። “ቃሉ አፍ ይሞላል፤ ፈረንጁም ራሱን ይነቀንቃል።” ዳሩ ግን በአራቱም ጎን ከዐለቱ ተለይተው የቆሙት ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ አማኑኤልና ቤተ ጊዮርጊስ ናቸው። ሌሎቹ በአንድ ወይም በሌላ ወገን ከዐለቱ ጋር እንደተያያዙ አሉ። “ውቅር” የሚለው የራሳችን ቃል ሁሉንም አንድ ላይ ያቅፋል። ትልቁ ቃል ግን ያለ ቦታው ሲገባ፣ ሊያከብረው የተነሣውን ሕንፃ በውሸት አስመሰከረበት።

ሁለተኛው ቃል የባሰ ነው፤ “ሌጀንድ”። አስጎብኚ ሁሉ፣ “አኮርዲንግ ቱ ሌጀንድ” እያለ ነው መላእክት ሌሊት ሌሊት ንጉሡን በሥራው ማገዛቸውን የሚተርከው። ቃሉን ከፈረንጆቹ መጻሕፍት ተቀብሎ እሱም ለዓመታት ሲለው ኖሯል። “አንድ ቀን ይህን ስል አያቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ከበሩ ሥር ቆመው ይሳለማሉ” አለኝ። “ቃሉን አያውቁትም። እኔ ግን አውቀዋለሁ። እሳቸው የሚስሙትን ደጃፍ እኔ ከኋላቸው ቆሜ ተረት ነው እያልኩ ነው።”

እኔም እንደ ጋዜጠኛ ተከራከርኩት። ተመራማሪ የሚታመነውንና የሚረጋገጠውን መለየት አለበት። ንጉሥ ላሊበላ በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ገደማ እንደነገሠ ይታወቃል፤ እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ዴቪድ ፊሊፕሰን ግን ሥራው በየደረጃው የተሠራና ከፊሉም ከንጉሡ ዘመን የቀደመ ነው የሚል አሳብ አቅርበዋል። ጎብኚው ይህንንም የመስማት መብት አለው፤ “ሌጀንድ” ብሎ መለየቱ ታዲያ ምን ነውር አለው? አልኩት።

ሳቅ ብሎ፣ “መደበቅማ የለብኝም” አለኝ። “ሦስቱንም እነግረዋለሁ፦ እኛ እንዲህ እንላለን፤ ተመራማሪዎች እንዲህ ይላሉ፤ ድንጋዩ ይኸውልህ። የቸገረኝ ‘እኛ’ የምልበት ቃል ነው።”

መልሱን ያገኘው አንዲት ጎብኚ ትታለት ከሄደችው ወፍራም የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነው። የየቃሉን የዘር ሐረግ የሚቆጥር መጽሐፍ ነበር። “ሌጀንድ” ከላቲን ሲመጣ “ሊነበብ የሚገባ” ማለት ኖሯል፤ በመካከለኛው ዘመን በቅዱሳን በዓል ቀን የሚነበበው የሕይወታቸው ታሪክ ነው። የእኛን “ገድል” ማለት አይደለምን? ቃሉ እየቆየ ከክብሩ ወርዶ ለፈጠራ ወሬ ተሰጠ። እኛም “ድርሰት” የሚለውን የተከበረ ቃል፣ “ተወው፣ ድርሰት ነው” ስንል አዋርደነው የለ! ከዚያም “ትሬዲሽን” የሚለውን አየ፤ ሥሩ “ከእጅ ወደ እጅ ማቀበል” ነው። የግዕዙ “ትውፊት”ም “አወፈየ” ከሚለው፣ “አስረከበ፣ አቀበለ” ከማለት ይወጣል። ሁለት የማይተዋወቁ ቋንቋዎች በአንድ እጅ ሲቀባበሉ አገኛቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ “ሌጀንድ”ን ትቶ፣ “ይህ የእኛ ትሬዲሽን ነው፤ ለእኔ ያቀበሉኝ አያቴ ናቸው” ይላል።

እኔ የትልቅ ቃል መድኃኒቱ ትንሽ ቃል ነው ባይ ነበርኩ፤ ከ“ኖቶሪየስ” በኋላ ከባድ ቃል ሳይ እሸሽ ነበር። ጓደኛዬ ግን ሳይሸሽ ጠለቀ። ቃሉ ከየት ቆሞ እንደሚያይ፣ ማንን ከፍ ማንን ዝቅ አድርጎ እንደሚያስቀምጥ እስኪያውቅ ድረስ ቆፈረው። አያቱን የማያስነውረውን ቃል ያገኘው ከዚያው ከባዕዱ ቋንቋ ጥልቀት ውስጥ ነው። ቋንቋ በልኩ ብቻ የሚያውቅ ሰው ሌሎች የሰጡትን ቃል ይናገራል፤ ጠልቆ የሚያውቅ ግን መምረጥ ይችላል። መምረጥ የማይችል ሰው ደግሞ ለሚናገረው እንዴት አድርጎ ኃላፊ ይሆናል?

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ጎብኚውን አስቀረ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ገባ፤ እስከ 2014 ታኅሣሥ ድረስም ከእጅ ወደ እጅ ተፈራረቀች። በ2015 መጨረሻ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ። ጓደኛዬ ያን ሁሉ ቃል አከማችቶ የሚነግረው ሰው ያጣበት ጊዜ ብዙ ነበር። ቃል ሸቀጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ መጽሐፉን መልሶ መሸጥ ነበረበት። እሱ ግን በባዶው ወራት ቁጭ ብሎ ስለ አገሩ የተጻፈውን ማንበብ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣውን ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝን በእንግሊዝኛ ትርጉሙ አነበበው። አልቫሬዝ እነዚህን ሕንፃዎች አይቶ ከጻፈ በኋላ፣ ይህን ያህል ስጽፍ ማን ያምነኛል ብሎ ሰግቷል፤ የጻፈውም እውነት መሆኑን ምሏል። ጓደኛዬ ይህን በስልክ ሲነግረኝ ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበረበት። “አየህ፣ ለካ ያኔ ቃል ያጠረው ፈረንጁን ነው!” አለኝ።

ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት፣ “ያች የመጽሐፍ ድርሻዬስ?” አለኝ። እስከ ዛሬ አልረሳትም። ከብሩ በዛሬ ዋጋ ስንት ሊሆን እንደሚችል እየሳቅን ስንከራከር ቆየንና፣ “ብሩን ተወው፤ መጽሐፉን ላክልኝ” አለ። ታናሽ እህቱ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። ከመንገድ ዳር ቆማ ፈረንጅ እንድትጠብቅ አይፈልግም።

በመጀመሪያው ገጽ ላይ የእኔና የእሱን ስም፣ ከሥሩም የእሷን ጽፌበታለሁ። ከእነዚያ በየሌሊቱ ካሰመርኩባቸው ቃላት መካከል “ኖቶሪየስ” የሚለውን ፈልጌ በአጠገቡ የጎደለውን ሞላሁ፦ “በክፉ የታወቀ”። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ላሊበላ የሚሄድ ሰው አለ፤ መጽሐፉን ይዞልኝ ይሄዳል።