ያረጀ ሽጉጥ እውነተኛ የሚባለው መቼ ነው?

ኮልት የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ሠርቶት የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1873 የተቀበለው ባለ ስድስት ጥይት ሽጉጥ አሠራሩ ቀላል ነው። ተኳሹ መዶሻውን በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ ይስባል፤ ከበሮው ይዞርና አዲስ ጥይት ከአፈሙዙ ትይዩ ይቆማል፤ ከዚያ ቃታው ይሳባል። ለሚቀጥለው ተኩስ መዶሻው እንደገና በጣት መሳብ አለበት። ይህንኑ ሽጉጥ ዛሬ ጣሊያን ውስጥ ኡበርቲ የሚባል ፋብሪካ አስመስሎ ይሠራዋል፤ እንደ ጥንቱ ይዞራል፣ እንደ ጥንቱ ይተኩሳል፣ ዋጋው ግን ከጥንቱ ጋር የሚቀራረብ አይደለም። የሚፈለገው ውበት ወይም አገልግሎት ብቻ ቢሆን ኖሮ የአሜሪካን ምዕራብ ዘመን ሽጉጥ የሚሰበስቡ ሰዎች አዲሱን ገዝተው ያርፉ ነበር። አላረፉም። የሚፈልጉት እውነተኛውን ነው፤ እውነተኛ ያደረገው ምን እንደሆነ መናገር ግን ቀላል አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ፣ ማንም ያልነካካው» የሚል ነው። መልሱ መሠረት አለው። የኮልት ሠራተኞች የሽጉጡን አካል ከአጥንትና ከቆዳ ከሰል ጋር አሽገው በእሳት ካጋሉት በኋላ ውሃ ውስጥ ይነክሩት ነበር፤ ብረቱ ሰማያዊ፣ ቡናማና የገለባ መልክ ተዥጎርጉሮበት ይወጣል። ይህ ቀለም በዘመን ብዛት ወደ ግራጫ ይሄዳል፤ የአፈሙዙ ሰማያዊም ወደ ቡናማ ይለወጣል። ላሳምረው ብሎ በማለስለሻ መኪና የፈተገው ሰው የሠራው ጥፋት በዓይን ይታያል፦ የተቀረጹት ፊደላት ጥልቀታቸው ይቀንሳል፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ይሰረጉዳል፣ ጥርት ያለው ማዕዘን ይዶለዱማል። የመንግሥት ተቆጣጣሪው በእንጨት እጀታው ላይ የመታው የስሙ መነሻ ፊደላት ማኅተምም በብርጭቆ ወረቀት ይጠፋል። የደበዘዘና የተቧጨረ ሽጉጥ ከሚያብረቀርቅ እድሳት ይልቅ የሚፈለገው ለዚህ ነው።

ሆኖም ይህን መለኪያ የሚያፈርሰው ጦሩ ራሱ ነው። ከ1895 ጀምሮ በማሳቹሴትስ የሚገኘው የስፕሪንግፊልድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካና ኮልት የፈረሰኞቹን ሽጉጦች ሰብስበው፣ 19 ሳንቲ ሜትር ገደማ የነበረውን አፈሙዝ ወደ 14 ቆረጡት። ሠራተኞቹ ሽጉጦቹን በጅምላ ፈትተው፣ ወልውለው መልሰው ሲገጥሙ የየክፍሉ ቁጥር ይዛመድ አይዛመድ የብዙዎቹ ጉዳይ አልነበረም። የአንዱ አካል ከሌላው አፈሙዝ፣ ከሦስተኛው የእጀታ ብረት ጋር ተገጠመ። ሰብሳቢዎች «የመድፈኛ ሞዴል» የሚሏቸው እነዚህ ናቸው። ከነዚህ መካከል ወደ ፊሊፒንስ ጦርነት የዘመቱ አሉ፤ ጦሩ በምትካቸው የያዘው አነስተኛ ጥይት የሚተኩስ ሽጉጥ እዚያ ደካማ ሆኖ ተገኝቶ ነበርና። «ያልተነካ» በሚለው መለኪያ እነዚህ ሽጉጦች ሐሰተኞች ሊባሉ ይገባ ነበር። ማንም ግን ሐሰተኛ አይላቸውም፤ እኔም ልክ ነው እላለሁ።

እንግዲህ እውነተኛነት ያለመለወጥ ጉዳይ አይደለም ማለት ነው። አንድ ጥንታዊ ዕቃ እውነተኛ የሚሆነው ለውጦቹ የደረሰበትን ነገር ሳይሸሽጉ ሲናገሩ ነው። የተቆረጠው አፈሙዝ ስለ ጦሩ ውሳኔ ይመሰክራል፤ የማይዛመዱት ቁጥሮች ስለ ሠራተኛው ጠረጴዛ ይመሰክራሉ። እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል፦ የአጭበርባሪው ሥራስ ታሪክ አይደለም? በ1950ዎቹ ዌልስ ፋርጎ የተባለው የጭነት ኩባንያ ሐሰተኛ ማኅተም የተመታበት የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሽጉጥ ያ ማኅተም በእርግጥ ተመትቶበታል። መልሴ ይህ ነው፦ ቆራጩ የሠራው ሥራ የራሱን ዱካ አልደበቀም፤ ሐሰተኛው ማኅተም ግን ሊሠራ የሚችለው የተመታበት ጊዜ እስካልታወቀ ድረስ ብቻ ነው። ማታለሉ ሲታወቅ ስለ ማታለል ይመሰክር ይሆናል፤ ስለ ዌልስ ፋርጎ ግን አንዳች አይነግረንም። በግልጽ የታደሰ ሽጉጥስ? ውሸታም አይደለም፤ ግን ደህይቷል። ብራና ተፍቆ ሲጻፍበት አዲሱ ጽሑፍ እውነት ቢሆንም የፊተኛው እንደሚጠፋ ማለት ነው።

ብረቱ የማይናገረውን ወረቀት ይሞላል፤ ወረቀትም ልክ አለው። የኮልት የጭነት መዝገቦች አንድ ሽጉጥ መቼ፣ ወደ ማን እንደተላከ ይናገራሉ፤ ሳጥኑ ከፋብሪካው በር ከወጣ በኋላ ግን ዝም ይላሉ። አፈ ታሪክ የሚበቅለው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። ሸሪፉ ፓት ጋሬት በ1881 ቢሊ ዘ ኪድ የተባለውን ታዋቂ ወንበዴ የገደለበት ኮልት በ2021 በቦንሃምስ ጨረታ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተሸጠው ወረቀቱ ስላልተቋረጠ ነው፤ የጋሬት ሚስት ባሏ ከሞተ በኋላ ሽጉጡን ለማስመለስ ፍርድ ቤት ሄዳለች። በእኔ ግምት ግን ያ ዋጋ የዝናን እንጂ የምስክርነትን መጠን አይለካም። ስሙ የማይታወቅ ወታደር እጅ ያለሰለሰው እጀታ ስለዚያ ዘመን የሚነግረን ያነሰ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ሥነ ምግባራዊው ነው። በ1890 መጨረሻ የሰባተኛው ፈረሰኛ ክፍለ ጦር ዉንድድ ኒ በተባለ ቦታ ሴቶችና ሕፃናት ያሉባቸው፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆኑ የላኮታ ሰዎችን ፈጅቷል። የዚያን ጦር መሣሪያ በመስታወት ሣጥን ማስቀመጥ ገዳይን ማክበር አይሆንም? ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ሽጉጡ የጀግንነት ጌጥ ሆኖ ሲወለወልና ሲለጠፍበት የተረት ታሪክ ብቻ ሲሆን። ምስክር አድርጎ መያዝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ግዴታም ያመጣል። በ1876 በሊትል ቢግሆርን የላኮታና የሻያን ተዋጊዎች የዚሁ ክፍለ ጦር ወታደሮችን አሸንፈው መሣሪያቸውን ወስደዋል። ስለዚህ ከዚያ ውጊያ የተረፈ ሽጉጥ የሁለት ወገን ዕቃ ሊሆን ይችላል፤ መረጃው ላይ የክፍለ ጦሩን ስም ብቻ የሚጽፍ ሰብሳቢ ግማሹን ምስክር ከችሎት አስወጥቷል።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ፍርድ አንዳንድ ሰብሳቢዎችን አያስደስትም። የመድፈኛ ሞዴል ገዝተው፣ ረጅም አፈሙዝ ፈልገው ገጥመው ወደ «ፈረሰኛው መልክ» የሚመልሱ አሉ። ፋብሪካው የሠራውን መልክ መለስን ይላሉ። ያ ሽጉጥ ግን በሊትል ቢግሆርን ውጊያ ዘመን የነበረውን መልክ ቢመስልም የስፕሪንግፊልድን መጋዝ ዱካ አጥቷል፤ የተገጠመለት አፈሙዝም ከሌላ ሽጉጥ የተነቀለ ነው። አንዱን ለማስተካከል ሁለት ምስክሮች ጠፍተዋል።