አንዲት ቃል ያመጣችው ጣጣ

ልጄ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞችህ ጋር ጠረጴዛ ከባችሁ፣ አንዱ ጠንቋይ ሌላው ወታደር ሆኖ፣ ዳይስ እየወረወራችሁ የምትጫወቱትን ጨዋታ እወደዋለሁ። አሁን ደግሞ እያንዳንዳችሁ የፈጠራችሁትን ጭራቅ፣ ካርታና ታሪክ አሰባስባችሁ ለጨዋታው ማሟያ መጽሐፍ ልታወጡ ነው አልከኝ። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ በርቱ። ሥራውን ከመከፋፈላችሁ በፊት ግን፣ ቀድመዋችሁ በዚህ መንገድ የሄዱት ምን እንደገጠማቸው ልንገርህ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዝልኝ።

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለው ጨዋታ በ1974 ሲወጣ የሁለት ሰዎች ስም ይዞ ነበር፤ የጋሪ ጋይጋክስና የዴቭ አርነሰን። በ1979 አርነሰን ድርሻዬ ተነፈገኝ ብሎ አሳታሚውን ኩባንያ ከሰሰ። ነገሩ በስምምነት ያለቀው በ1981 ነው። ልብ በል፣ እነሱ ሁለት ነበሩ። እናንተ ስንት ናችሁ?

በ2000 የጨዋታው ባለቤት ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት አንድ ደግ ነገር አደረገ። ማንም ሰው መሠረታዊ ሕጎቹን ወስዶ፣ የራሱን ጨምሮበት፣ ምንም ሳይከፍል እንዲሸጥ ፈቃድ አወጣ። ከፈቃዱ አሥራ አምስተኛውን አንቀጽ እወደዋለሁ። ከሌላ ሰው ከወሰድክ የእሱን የባለቤትነት ማስታወቂያ፣ እሱም ከሌላ ወስዶ ከሆነ የዚያኛውን ጭምር መጽሐፍህ ውስጥ ትገለብጣለህ። የዘር ሐረግ እንደ መቁጠር በለው። ስንቱ ይህን ፈቃድ ተማምኖ ጻፈ፣ አሳተመ፣ እንጀራው አደረገው።

ነገሩ የታጠፈው እዚህ ላይ ነው። ፈቃዱ «ዘላቂ» ይላል እንጂ «የማይሻር» አይልም። ዘጠነኛው አንቀጽ ደግሞ ከፈቃዱ ቅጂዎች «የተፈቀደውን» መጠቀም ትችላለህ ይላል። ፈቃዱን ብንለውጥ እንኳ በቀድሞው መቀጠል ትችላላችሁ ብሎ ኩባንያው በጥያቄና መልስ ጽሑፉ አስረድቶ ነበር፤ ሰውም አመነ። ያ ማረጋገጫ ግን ፈቃዱ ውስጥ አልገባም።

በጃንዋሪ 2023 የአዲስ ፈቃድ ረቂቅ ሾልኮ ወጣ። የቀድሞው ከእንግዲህ «የተፈቀደ» አይደለም ይላል፤ በዓመት ከ750,000 ዶላር በላይ ከሚገባው ገቢም 25 በመቶ ይጠይቃል። ከሃያ ዓመት በላይ የተለፋበት ሥራ በአንዲት ቅጽል ላይ ተንጠለጠለ። ተጫዋቹ ተቆጣ። ኩባንያው ረቂቁን አለዝቦ መጠይቅ ቢያሰራጭ፣ ከ15,000 በላይ ሰዎች መለሱ፤ 88 በመቶዎቹ በዚህ ፈቃድ ማሳተም አንፈልግም አሉ። ጃንዋሪ 27 ኩባንያው አፈገፈገ። የቀድሞውን ፈቃድ እንዳለ ተወው፤ ሕጎቹንም መልሶ ሊነጥቅ በማይችልበት በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቀቃቸው። ተፎካካሪው ፓይዞ ግን አልጠበቀም፤ አንድም አሳታሚ በባለቤትነት የማይዘው ሌላ ፈቃድ ማስጻፍ ጀምሮ ነበር።

ጥፋቱ የኩባንያው ነው ብለህ ልታልፈው ትችላለህ። እኔ ግን የማስበው ያን የ2000ውን ቀን ነው። ያኔ «የማይሻር» ብሎ መጻፍ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም ነበር።

ወደ እናንተ ልመለስ። ወዳጅነታችን ይበቃናል እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ ወረቀት ማውጣት ጓደኛን መጠርጠር ይመስላል። ዕቁብ የሚጥሉትም እኮ የሚተዋወቁ ሰዎች ናቸው፤ ሆኖም ይጻፋል። ካርታውን የሣለችው ልጅ ነገ ብትለያችሁ ካርታዋ ይቀራል ወይስ አብሯት ይሄዳል? መጽሐፉ ቢሸጥ ብሩ የማን ነው? ከሌላ ሰው የተገለበጠ ጭራቅ ቢገኝበት ማን ይጠየቃል? ይህን አንድ ገጽ ላይ አስፍሩት። ከመፈረማችሁ በፊት ግን አምጣልኝ፤ መነጽሬን አድርጌ ቃል በቃል አብረን እናነበዋለን።